የለቃሚ ድርሻ

«አንቺ ንገሪያት» አለ ስትራቶስ። አንድ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ ሌላኛውን እጅጌ በዳበሳ እየፈለገ ነበር። ድምፁን ዝቅ ያደረገው እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ስለነበሩ ነው። ሚስቱ ኢስሚኒ በሩን በእግሯ ያዝ አድርጋ «የሸጥኩት እኔ ነኝ እንዴ?» ብትለው፣ «አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ሴትና ሴት ትግባባላችሁ» አለና ሊፍቱን እንኳ ሳይጠብቅ በደረጃው ወረደ። ስትራቶስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪ ሲሰድበው፣ ባለ ሞተር ፊቱ ሲደነቀር፣ አለቃ ሲቆጣው ቃል አይተነፍስም፤ የሰፈራቸው የኪፕሴሊ ጎረቤት ሁሉ ትዕግሥተኛ ይለዋል። ኢስሚኒ ግን ብዙ ዓመት አብራው ስለኖረች ከትዕግሥቱ ውስጥ ፍርሃቱ ስንት እጅ እንደሆነ ታውቃለች። በሩን ዘግታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ነገሩ የተነሳው ቁርስ ላይ ነው። ትናንት የስትራቶስ የደም ምርመራ ውጤት መጥቶ ኮሌስትሮሉ መውረዱ ታወቀ። ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ አስጠርቶ፣ ቅቤውንና በየፌርማታው የሚገምጠውን ባለ አይብ ጥቅልል ዳቦ እንዲተው፣ በእነሱ ፋንታ ምግቡ በወይራ ዘይት እንዲሠራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠልና ዓሣ እንዲያዘወትር መክሮት ነበር። እናቱ እማማ ዲያማንዶ ከዚህ ሁሉ ምክር የሰሙት አንድ ቃል ነው፤ ዘይት የሚለውን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርሙሱን ከእጃቸው የሚወስድ አልተገኘም። ጠዋት በተጠበሰው ዳቦ ላይ ቲማቲም ይፈቀፍቁና ዘይት ያወርዱበታል። ምስሩ ከእሳት ሊወጣ ሲል ዘይት፤ የተቀቀለው ቅጠል ላይ ከሎሚ ጋር ዘይት፤ ፎሶሊያው ደግሞ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ለልጃቸው የጋገሩት ኬክ እንኳ ቅቤ አልነካውም፣ በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ ነው የተለወሰው፤ እውነት ለመናገር ግሩም ነበር። ኢስሚኒ አልፎ አልፎ «እማማ፣ ሐኪሙ በቅቤው ፋንታ አለ እንጂ በምግቡ ፋንታ አላለም» ትላለች። እሳቸው ደግሞ «እናትሽ በጠብታ እየቆጠረች አሳድጋሽ እኮ ነው እንዲህ እንደ ክር የቀጠንሽው» ይሏታል። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን እንደያዙ ልጃቸውን «ያዳኑህ የአባትህ ዛፎች ናቸው» አሉት። «ቅዳሜ ለቀማ ይጀመራል፤ ሄጄ ልያቸው። ጉልበቴ ጉልበቴ እያልኩ ሁለት ለቀማ አመለጠኝ። ባለውለታ እንዲህ አይረሳም።» ስትራቶስ ዳቦውን ሳያላምጥ ዋጠና ተነሳ።

ዛፎቹ የተሸጡት ባለፈው ጥር ነው። የሚከራዩትን አፓርታማ ባለቤቱ «ወይ ግዙኝ ወይ ልቀቁ» ሲላቸው፣ ስትራቶስ እናቱ ከአባቱ ቀብር በኋላ ለግብር ጉዳይ ብለው በፈረሙለት ውክልና፣ ከካላማታ በላይ ባለችው መንደራቸው ያለውን የወይራ ማሳ ለፓናጎስ ሸጠው። ፓናጎስ የሟች አባቱ የእህት ልጅ ነው። የፈለገው ዛፍ እንጂ ጠብ ስላልነበር፣ እማማ ዲያማንዶ በስልክ ሲጠይቁት «ምርቱን በእኩል ልንካፈል ይዣቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው አክስቴ» እንዲላቸው ስትራቶስ ሲለምነው እሺ አለ። በገንዘቡ ቤቱ ተገዛ፤ እናትዬው የሚተኙበት በረንዳ ያለው ክፍል ጭምር። ስለዚህ ስትራቶስን ሌባ ለማለት ያስቸግራል። ሽያጩ ያለቀ ሰሞን ፓናጎስ አንድ ትልቅ የመንደር ቆርቆሮ ሙሉ ዘይት ላከ፤ እሱም ፋሲካ ላይ አለቀ። «ለዛሬ ብቻ ከገበያ ገዝተሽ ሙይው፤ ከበዓሉ በኋላ እነግራታለሁ» አለ ስትራቶስ። ለዛሬ ብቻ የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ኢስሚኒ ከሐሙስ ገበያ በጣሳ እየገዛች፣ ባለ ጎማው ቦርሳ ውስጥ ከድንች ሥር እየደበቀች፣ አማቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወደ ቆርቆሮው ስትገለብጥ ኅዳር ደረሰ።

እማማ ዲያማንዶ ስለ ዘይት የሚመኩት እንዲያው ለመመካት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰው ከተማ፣ ምራት ባደራጀችው ወጥ ቤት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጡረታቸው ለመድኃኒትና ለመንደሩ ቤት ጣሪያ ያልቃል። ቴሌቪዥኑን ማን እንደሚቀይር፣ መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት፣ ጨው ስንት እንደሚገባ ክርክር በተነሳ ቁጥር ግን አንድ የማይሸነፉበት ቃል ነበራቸው፤ «እኔ እዚህ ቤት የምበላው የራሴን ነው» ይላሉ። እውነትም የሚበሉት ሁሉ በዚያ ዘይት የተሠራ ነበርና ማንም አይመልስላቸውም። ኢስሚኒ ያስጨነቃት የዛፎቹ መሸጥ አልነበረም፤ ዛፍ ይሸጣል፣ ይገዛል። ያስጨነቃት ይህን ቃል ከአሮጊቷ አፍ መንጠቁ ነው። አንዳንድ ቀን በጣም ሲያበሽቋት «እማማ፣ የሚበሉት የኔን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥርሷ ድረስ መጥቶ ይመለስ ነበር። አሁን እንድትናገረው ስትታዘዝ ደግሞ አቃታት።

ሳህኑን እያጠበች ልትጀምር አሰበች፤ እማማ ዲያማንዶ ግን ከወዲያ ክፍል ሆነው ስለ አሮጌ ሻሻቸው ይጠይቃሉ። አልጋ ስታነጥፍ ደግሞ ልትጀምር ስትል፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ባላቸው አንዱን ዛፍ በስሙ እየጠራ እንዴት እንደሚቆጣው እያወሩ ሳቁ። ሰው እየሳቀ እንዴት ይነገረዋል። ከዚያ እማማ ዲያማንዶ ካፖርታቸውን ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ተገኙ። «ጓንትና የጎማ ቦት ጫማ እፈልጋለሁ። ዛሬ ገበያ አብሬሽ እወጣለሁ» አሉ። ኢስሚኒ «ዳገቱን አይችሉትም እማማ፣ እኔ ላምጣልዎት» ብትል፣ «የእግሬን ቁጥር ከኔ በላይ ልታውቂ ነው?» ብለው በሩን ከፈቱ። ደረጃው ላይ የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት ወይዘሮ ኡራኒያ ቦርሳቸውን እየጎተቱ ከቤታቸው ሲወጡ አገኟቸውና ሦስት ሆነው ወረዱ። ወይዘሮ ኡራኒያ በጋ ላይ ከእማማ ዲያማንዶ አንድ ጠርሙስ ዘይት ከነስብከቱ ተቀብለው ነበር። ስብከቱ የሱቅ ዘይት ሆድ እንደሚነፋና የኛ መንደር ዘይት ግን ጉሮሮ ቆንጠጥ አድርጎ እንደሚያልፍ የሚያስረዳ ነበር።

ገበያው እንደ ሁልጊዜው ከታች ርካሽ፣ ወደ ላይ ሲሉ ውድ ነው። ማንዳሪኑ ከነቅጠሉ ተቆልሏል፤ ኪሎው አንድ ዩሮ ከሃያ፤ ላይኛው ጥግ ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረው። እማማ ዲያማንዶ በየመደቡ ቆሙ። የዱር ቅጠል ሻጯን «ይህን ከየትኛው አስፋልት ዳር ነው የነቀልሽው?» አሏት፤ እሷም «ከርስዎ ባልኮኒ ነው እማማ፣ ተኝተው ሳለ» ብላ መለሰችላቸውና ሁለቱም ደስ አላቸው። ሽንኩርቱን እየነካኩ፣ ዋጋውን እየጠየቁ፣ ሳይገዙ እያለፉ፣ ጉልበታቸውን የረሱ ይመስሉ ነበር። ኢስሚኒ ከታችኛው ጥግ እንዳያልፉ ያላደረገችው የለም፤ ድንች መረጠች፣ ሎሚ አማረጠች፣ ደከመኝ አለች። ጓንትና ቦት ጫማ የሚሸጠው ሰውዬ ግን ያለው ላይ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ዘይት ሻጩ ሌፍቴሪስ ጣሳዎቹን እንደ ግንብ ደርድሮ ቆሟል። ኢስሚኒ አንገቷን ሰብራ በአማቷ ጀርባ ለማለፍ ሞከረች።

«እመቤት ኢስሚኒ!» አለ ሌፍቴሪስ። «የዘንድሮው ገብቶልሻል፤ ገና ወፍጮው አልበረደም። እንደ ወትሮው ሦስት ጣሳ ላውጣልሽ?» እማማ ዲያማንዶ ዞሩ። ሌፍቴሪስ ካፖርታቸውን፣ ሻሻቸውን አይቶ ማን እንደሆኑ ገመተና ደስታው ጨመረ። «አማትዋ ነዎት እማማ? ታድለዋል። ከደንበኞቼ ሁሉ ዘይት የሚያውቅ ቤት የእርስዎ ነው። ከፋሲካ ወዲህ በየሁለት ወሩ ሦስት ጣሳ፤ ምግብ ቤት ከፈታችሁ ወይ እላታለሁ። ይቅመሱልኝ እስቲ።» ዳቦ ቆርሶ ዘይት ነክሮ ዘረጋላቸው። እማማ ዲያማንዶ ተቀበሉ። አፋቸው ውስጥ ከተቱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። ወይዘሮ ኡራኒያ ቦርሳቸውን አቁመው አንዴ እሳቸውን አንዴ ኢስሚኒን ያያሉ። «እህስ?» አለ ሌፍቴሪስ። «ለሳሙና ነው የምንወስደው» አሉ እማማ ዲያማንዶ። «ሳሙና እንሠራለን፤ ለመንደሩም እንልካለን።» ሌፍቴሪስ በዚህ ዘይት ሳሙና መሥራት ኃጢአት እንደሆነ መናገር ጀመረ፤ እሳቸው ግን ወደሚቀጥለው መደብ ሄደው ነበር። ጓንቱን ለኩ፣ ቦት ጫማውን ተከራክረው አንድ ዩሮ አስቀነሱ፣ ከፈሉ። ወይዘሮ ኡራኒያ ስለ ሳሙናው ምንም አልጠየቁም። ሞኝ ሴት አይደሉም፤ በመንገድ ሁሉ ያወሩት ስለ ሊፍቱ መበላሸት ነበር።

ቤት ሲገቡ እማማ ዲያማንዶ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው ከቆርቆሮው አጠገብ ተቀመጡ። ቆርቆሮው ላይ የባላቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል በቀለም ተጽፏል። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ኢስሚኒ ድንቹን ከቦርሳው እያወጣች ነበር፤ እያወጣች ነገረቻቸው። ጥርን፣ ውክልናውን፣ ፓናጎስን፣ ቤቱን፣ ሁሉንም፤ የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ እየወረደ። አሮጊቷ አላለቀሱም። ስትጨርስ «ስለዚህ ይህ ከፋሲካ ጀምሮ ነው» አሉ።

«ከፋሲካ ጀምሮ ነው እማማ።»

«ለኡራኒያ የሰጠሁትስ?»

«እሱም።»

«ለቄሱ ለቤተ ክርስቲያን መብራት የላኩት?»

«እሱም እማማ።»

እማማ ዲያማንዶ ክዳኑን መለሱት። «ስድሳ ዓመት ዘይት ቀምሻለሁ። የማን ማሳ እንደሆነ እነግራችኋለሁ እያልኩ ሰው አሳቅቄያለሁ» አሉ። «ምላሴ አላወቀውም፤ እንዲያውም ዘንድሮ በጣም አምሮበታል ስል ነበር።» ኢስሚኒ ዘይቱ ጥሩ ዘይት ነው ልትል አሰበችና፣ ይህ ማጽናኛ ሳይሆን ሁለተኛ ጥፊ እንደሚሆን ገባት። እማማ ዲያማንዶ ተነስተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ኢስሚኒ ከሰዓት በኋላ ወደምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ደውላ አሞኛል ብላ ቀረች።

ለራት ምስር ጣደች። ከስንት ወር በኋላ ማሰሮው አጠገብ የቆመባት፣ ከትከሻዋ በላይ ጠርሙስ የዘረጋ ሰው አልነበረም። ዘይቱን ሐኪሙ እንዳለው በማንኪያ ለካች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማንኪያ ተኩል፣ ግማሹን ከሽንኩርቱ ጋር፣ ግማሹን ሲወጣ በጥሬው። እንዲህ ብቻዋን ለማብሰል ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር። አሁን እየቀመሰች ጆሮዋ የተዘጋውን በር ነበር የሚያዳምጠው። ከዚያ ውስጥ የሚሰማው መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ለመሄድ ልብስ እየሰበሰቡ እንደሆነ አላጣችውም፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አልገባትም። የሌላቸውን ማሳ ሊያዩ ይሆን ብላ አሰበች፤ አዘነችላቸው፤ ባሏንም ጠላችው፣ ቢያንስ ምስሩ እስኪበስል ድረስ።

ስትራቶስ ሲመሽ አንድ ከረጢት ማንዳሪን ይዞ ገባ። ሚስቱን በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷም «አውቀዋል» አለችው፤ እንዴት እንዳወቁ አልነገረችውም። እጁን ታጥቦ ሲመጣ እናቱ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ኢስሚኒ ምስሩን አቀረበች፣ ዳቦውን፣ የተዘፈዘፈውን የወይራ ፍሬ፣ ለእማማ ደግሞ የፍየል አይብ። ማንም አልጀመረም። ስትራቶስ «እማዬ፣ ቤቱን ባንገዛው ኖሮ…» ብሎ ጀመረ፤ እሳቸውም «ገብቶኛል፤ መንገድ ላይ ልንወድቅ ነበር» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱንም የከፋው ይኸው ነው። «ያዳነህ እንግዲህ ያ ገበያ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፤ አንድ ቀን ሂድና አመስግነው» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ የሚያወሩት ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍተው ነው። ሁለት ጊዜ ጠራና ፓናጎስ አነሳ።

«አክስቴ! ዛፎቹ ደህና ናቸው፣ አያስቡ።»

«ዛፎችህ ደህና ከሆኑ እሰየው» አሉ እማማ ዲያማንዶ። «ሁሉን ነግረውኛል ፓናጎስ። ልወቅስህ አይደለም የደወልኩት። ቅዳሜ ትጀምራለህ፤ ሰው ሞልቶልሃል ወይ?»

ፓናጎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰውማ የት አለ ዘንድሮ። ወጣቱ ሁሉ ሆቴል ነው የሚሠራው።»

«እንግዲህ እኔ አለሁ። መሰላል አልወጣም፤ ፍሬ ማርገፊያ ዱላም አላነሳም። ከዛፉ ሥር የተነጠፈው መረብ ላይ ቁጭ ብዬ ቅጠሉን ከፍሬው እለያለሁ። ከሁሉም ለቃሚ እኩል ውዬ እገባለሁ። በገንዘብ አይደለም፤ በዘይት ትከፍለኛለህ፣ እንደ ድሮው።»

«አክስቴ፣ ምን ማለትዎ ነው፤ ቤትዎ እኮ ነው። አንድ ቆርቆሮ ዛሬውኑ በአውቶቡስ እልካለሁ…»

«ስጦታ አልጠየቅሁህም። ሥራ ነው የጠየቅሁህ። የለህም እንደሆነ የለኝም በለኝ።»

ስትራቶስ እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። «እማዬ ዝጊው። በአባቴ ማሳ የቀን ሠራተኛ ልትሆኚ ነው? መንደሩ ምን ይለኛል?» እናቱ እጁን በሁለት ጣት ከስልኩ ላይ አነሱለት፤ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ። ፓናጎስ ሁሉንም ሰምቷል። «እሺ አክስቴ» አለ። «ለቅጠል ለቃሚ በሳምንት የምሰጠው ታውቆ ያደረ ነው፤ ለርስዎም እሱን እሰጣለሁ። ሲነጋ ነው የምንጀምረው።» እሳቸው «ዓርብ ማታ እደርሳለሁ» ብለው ዘጉት።

ስትራቶስ ማንኪያውን አንስቶ አስቀመጠው። ቀን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ያዘጋጀው ስለ ወለድ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ግብር የሚያስረዳ ንግግር ነበረው፤ ለሚጮህ ሰው የተዘጋጀ ንግግር ነው፣ የሚጮህ ግን አልነበረም። እማማ ዲያማንዶ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «የራሴ እስኪደርስ የእናንተን እበላለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ምስሩን ቀመሱ። ጠርሙሱ በእጃቸው ትይዩ ቆሞ ነበር፤ አልነኩትም። ቀና ብለው ኢስሚኒን አዩዋት። «ይጥማል፤ እጅሽ ይባረክ» አሏት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት እንደገባ ጨዋ እንግዳ።

ኢስሚኒ ይህን ቃል ከአማቷ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ያልቀቀለችውና ያልጠበሰችው አልነበረም። ዛሬ ሲደርሳት ግን፣ ዘይቱ አንሷል፣ ጨው የለውም፣ እናትሽ ይህን ነው ያስተማረችሽ ብለው ቢቆጧት በወደደች ነበር።